ያልተቀመሰው ጣሳ

የመጀመሪያው ጋን ሲሰበር ይርጋነሽ አልጮኸችም። የፖሊሱ የአምባቸው ሰደፍ የጋኑን ሆድ ሲመታው የሸክላ ድምፅ አልመስል አላት፤ ወገቡን የተመታ ሰው ትንፋሽ መሰላት። ከዚያ ጠላው ወጣ። በወይራ በታጠነ ጋን የተጠመቀ፣ ለገበያ የደረሰ ጠላ በመደቡ ሥር ተንዶ እግሯን አረሰ፤ ምድጃውንም አጥፍቶ በደጃፉ ወደ መንገዱ ወረደ።

«በእጄ ልድፋው አልኩህ እኮ!» አለች፤ ድምፅዋ የወጣው ያኔ ነው። «ጠላውን ድፋ ተባልክ፣ ጋኑ ምን አደረገህ?»

«ወንጀለኛውስ ጋኑ ነው» አለ አምባቸው፣ ደጅ ወደቆመው ሰው ዞሮ እየሳቀ። «ጠላውን ብንደፋው ማታ ትጠነስሺዋለሽ። ጋን ከሌለሽ በምን ልትጠነስሺ ነው? በጫማሽ?»

ደጅ የቆሙት ሳቁ። ቢቸና በዚያ በ1963 ዓ.ም. ሰኔ የሚስቅበት አጥቶ ነበርና ባገኘው ሁሉ ይስቅ ነበር።

ሰደፉ ዳግመኛ ሲነሣ ይርጋነሽ አምባቸውን አላየችውም። ያየችው ከበሩ መቃን አጠገብ ነጭ ጋዋን ለብሶ የቆመውን ሰው ነው። አካለ ወልድ ነው። የክሊኒኩ የጤና ረዳት፣ የሞጣው የመሪጌታ ወልደ ኪዳን ልጅ። ከጥምቀት ወዲህ ከሥራ ሲወጣ መደቧ ጥግ ተቀምጦ አንዲት ጣሳ ጠላ አቅፎ የሚያመሽ፣ ጠላውን ሳይሆን እሷን እንደሚጠጣ ጎረቤት ሁሉ የሚያውቅበት ሰው። ትናንት እዚሁ በር ላይ ቆሞ፣ «ያንቺን ቤት ለማንም አልሰጥም። እኔ ራሴ እመጣለሁ» ብሏት ነበር።

ይርጋነሽ ያን ቃል ተንተርሳ ነበር ያደረችው። አይነኩኝም ብላ ነበር ያደረችው። እሱም እንዳለው መጣ፤ እውነትም ራሱ መጣ።

«ንገረው እንጂ!» አለችው።

«ይርጋነሽ፣ ትእዛዝ ነው። ጠላ፣ ጠጅ፣ አረቄ፣ ቆሎ ሳይቀር ተከልክሏል። በሽታው የሚገባው በአፍ ነው፣ እኔ…»

«ስለ ጠላው መቼ ጠየቅሁህ?»

ያኔ ወደ ፖሊሱ ዞሮ፣ «አምባቸው፣ ይበቃል፣ ጋኑን ተወው» አለ። ግን ድምፁ እንደ ልማዱ ቀጭን ነበር፤ የበሽተኛ ራስጌ ላይ የለመደ ድምፅ። ሰደፉ ቀደመው። ሁለተኛው ጋን ከአፉ እስከ ቂጡ ተሰነጠቀ፤ ሦስተኛው ፈረሰ። ስብርባሪው የይርጋነሽን ቁርጭምጭሚት ቀደደውና ደሟ ከጠላው ጋር ተቀላቅሎ ወረደ።

አምባቸው ወደ ጓዳው ሲያመራ አካለ ወልድ በሩን ዘጋበት።

«ጓዳው ባዶ ነው። አይቼዋለሁ።»

አላየውም። ጓዳው ውስጥ ይርጋነሽ ከሞጣ ወዲያ ካለው መንደሯ፣ ለአንድ ሽማግሌ ሊድሯት ሲሉ ጠፍታ ቢቸና ስትገባ በመጀመሪያ የልፋቷ ዋጋ የገዛችው ትንሹ ጋን ነበር። የእሷ ጆሮ ግን ያን ቀን ይህን አልሰማም። ሰውየው በሩን ዘጋ፣ ቶሎ ጨርሶ ሊሄድ ነው፤ የገባት ይኸው ነው።

ከዚያም የማይሆን አደረገ። ደጅ ወጥቶ ከአጥሩ ጫፍ ላይ፣ ጠላ መኖሩን ለመንገደኛ ለማሳወቅ በረዥም እንጨት ላይ ተደፍታ የቆመችውን ጣሳ አወረደ። ሰማያዊ፣ አፏ የተላጠ ጣሳ ነበረች። በብብቱ ሥር ሸጎጣት።

ይርጋነሽ በዚያ በሚደማ እግሯ ሮጣ ደረሰችበትና በጥፊ አጮለችው። ሁለት ጊዜ። 

«ሂድ ወደ ሞጣህ! አባትህ የመረጡልህን የቄስ ልጅ አግባ! ጠላ ሻጭ ጋን ስታቅፍ ነው እንጂ ሰው ስታቅፍ አያምርባትም፣ አይደል? ቤቴን አፈረስክ፣ ጣሳዬንስ ምን ልታደርጋት ነው?»

ጉንጩ ላይ የአምስት ጣት ምልክት ቀላ።  ዓይኑ ከእግሯ ደም ላይ ነበር። ከዚያ በጭቃው መሐል፣ ጣሳዋን እንደያዘ ሄደ። እሷም ስታየው፣ ተመለስ ብላ እንዳትጣራ ከንፈሯን ነከሰች።

*

በሽታውን የወረዳው ሹሞች «የተቅማጥ በሽታ» ይሉታል። ሰው ግን ስሙን መጥራት ፈርቶ «ያ ነገር» ይለዋል። ያ ነገር ከደጀን በኩል መጣ፤ የዓባይ ድልድይ ላይ ወታደር ቆሞ ሰው ቢመልስም እሱ ሳይጠየቅ አለፈ። ማታ የሣቀ ሰው ጧት ጉንጩ ጎድጉዶ፣ ጣቱ ተሸብሽቦ ይገኛል። ሬሳ በኖራ ተነስንሶ ይቀበራል። ለቅሶ ክልክል ነው፤ ድንኳን ክልክል ነው፤ ገበያ ክልክል ነው።

የከተማዋ ወጣት ሴቶች ግን ከበሽታው በፊት በክልከላው ወደቁ። ባል የሌላቸው፣ መሬት የሌላቸው፣ በእጃቸው ሥራ ብቻ ቤት ያቆሙ ሴቶች ነበሩ። ቆሎ የምትሸጠዋ ልጅ ወደ አገሯ ስትመለስ መንደሯ አላስገባትም፤ በሽታ ይዘሽ መጣሽ ብለው ከአጥር ውጭ አሳደሯት። አረቄ የምታወጣው ሙሉዬ አምባሯን ሸጠች፣ ቀጥሎ ነጠላዋን፣ ቀጥሎ ሳቋን። ሳቋን ግን ሙሉ በሙሉ አልሸጠችም።

«ሰማሽ ወይ ያንቺን ዶክተር?» አለች አንድ ቀን፣ የይርጋነሽ ባዶ መደብ ላይ ቁጭ ብላ። «ጣሳሽን የት እንደሰቀላት?»

«የት?»

«ክሊኒኩ ሜዳ ላይ፣ የበሽተኛው ድንኳን ምሰሶ ላይ! ልክ እንደ ጠላ ቤት ደፍቷት። ሰው ሁሉ 'የሞት ጠላ ቤት ተከፈተ' ይላል። እንዴት ያለ ቀልደኛ ነው እቴ፣ ያ ዝምተኛ!»

ይርጋነሽ አልሳቀችም። ያደቀቃት፣ ያዋረዳት ሳያንስ የሙሾ መቀለጃ አደረጋት። ያን ቀን ከጠላችው በላይ ሰው ጠልታ አታውቅም ነበር።

በማግስቱ ግን ከወንዝ ውሃ ቀድታ ስትመለስ፣ ዝናብ ውስጥ አየችው። አንዲት አሮጊት በጀርባው አዝሎ ዳገቱን ይወጣ ነበር። የአሮጊቷ እግር እንደ ጨርቅ ይወዛወዛል፤ ያ ነገር ከእሳቸው ወርዶ በነጭ ጋዋኑ ላይ ይፈስሳል። አላያትም። አንገቱ ቀጥኗል። ሲያልፍ «ትንሽ ነው የቀረን እማማ፣ ትንሽ» ሲል ሰማችው።

እንስራዋን አስቀምጣ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሄደች። ውስጥ መሰብሰብ ስለተከለከለ ከአጥሩ ውጭ ድንጋይ ተሳለመች፤ ፊቷን ግን ወደ ሞጣ አዞረች።

«የሞጣው ጊዮርጊስ፣ የእሱ አገር ጊዮርጊስ» አለች፣ ቀስ ብላ። «ይህን ሰው ካተረፍክልኝ፣ በሽታው ከቢቸና እስኪወጣ ድረስ በየቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ሳይሞላ ውሃ እንኳ በአፌ አይዞርም።» ድንጋዩን ዳግመኛ ተሳለመችና፣ «ግን እሱ እንዳይሰማ» አለች።

*

ረሃብ ስለት አይሰማም። ይርጋነሽ ጓዳ የቀረውን ትንሽ ጋን በወይራ አጠነች፤ የቀራትን ብቅልና ጌሾ ጠነሰሰች። ጠላው ጥቂት ስለነበር ድፍድፉን በወንዝ ውሃ አቅጥና ቅራሪ አደረገችው። ሰማያዊዋ ጣሳ ስለሌለች አንዲት የዘይት ቆርቆሮ ቆርጣ በአጥሯ ጫፍ ደፋቻት። ፖሊስ በዚያ ሰፈር መዞር ከተወ ሰንብቷል፤ እነሱም ፈርተዋል።

አንድ ቀን በጧት የመጣው የበቅሎ ነጋዴው ጓዴ ነበር። ከደጀን ከተመለሰ ቅርቡ ነው። ፊቱ አመድ መስሏል፣ ዓይኑ ወደ ውስጥ ገብቷል፤ ግን አፉ ከቀልድ አላረፈም።

«ያች ቆርቆሮ ጠራችኝ። ምን አለሽ?»

«ቅራሪ ናት አያ ጓዴ።»

«የቀጠነ ይሻለኛል። ጠምቶኛል፣ የደጀን ዳገት አንጀቴ ውስጥ ገብቶ ቀረ መሰለኝ።» ከመደቡ ጥግ ሌላ ጠጪ ተራውን እየጠበቀ ተቀምጦ ነበር፣ ሳቀለት።

ይርጋነሽ ቀዳችለት። በጎጃም ሻጭ ለእንግዳ ከመስጠቷ በፊት ከጣሳው ጥቂት በመዳፏ አፍስሳ ትቀምሳለች። ይህን የማታደርግ የለችም። መርዝ የለበትም ማለት ነው፤ ነፍሴና ነፍስህ አንድ ናት ማለት ነው። ይርጋነሽ እጇን ዘረጋችና አቆመችው። ፀሐይዋ ገና ጧት ነበረች።

«ምነው?» አለ ጓዴ። «ቅመሺ እንጂ!»

«ጾም ነኝ አያ ጓዴ። እስከ ዘጠኝ ነው።»

«ሰኔን እስከ ዘጠኝ! ምን ብትሠሪ ነው እንዲህ የሚያስጾምሽ?» ሳቀ። «ግድ የለም፣ አንቺን ማን ይጠረጥራል።» በአንድ ትንፋሽ ጨለጠው፤ ደግማ ቀዳችለት፣ እሱንም ጨለጠው።

ሁለተኛው ከአፉ ሳይወርድ ሚስቱ ፋንታነሽ እየሮጠች ገባች። ፊቷን በነጠላ ሸፍናለች።

«ምን ልታደርግ ወጣህ? ተኛ አላልኩህም? በዚህ ሁኔታህ…» ይርጋነሽንና ጠጪውን ስታይ ቃሏ ተቆረጠ። እጁን ይዛ እየጎተተች ወሰደችው። ይርጋነሽ በበሩ ቆማ ተመለከተቻቸው፤ ፋንታነሽ ዞር ብላ አየቻት። በዓይኗ ያለው ነገር ልመና ነበር፤ ይርጋነሽ ግን ምን እንደምትለምናት አላወቀችም።

ጓዴ በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ሞተ።

*

ተቀብሮ አፈሩ ሳይደርቅ መጡ። ፊት ፊት የሚሄደው የጓዴ ታናሽ ወንድም ገላው ነበር። ወንድሙን ያለ ፍታት፣ ያለ ለቅሶ፣ በኖራ ሲቀብሩት አይቷል። ማንን እንደሚመታ አጥቶ ያደረ ሽመል ይዟል። ከኋላው ያለው ሕዝብም የየራሱን ሬሳ ቀብሮ የመጣ ነበር።

«የታለች?»

የበሩን ሳንቃ በእርግጫ ነቀለው። ይርጋነሽን በፀጉሯ ይዞ ከጓዳ እስከ ደጅ ጎተታት። መንገዱ ላይ ጣላትና ሽመሉን ትከሻዋ ላይ አሳረፈው። ዓይኗ ጨለመ። የሆነ ሰው እግር ጎኗን መታት፤ የሆነች ሴት፣ «ቡዳ!» ብላ ተፋችባት።

«ወንድሜን በምን ገደልሽው?»

«አልገደልኩም! ሲመጣም ታሞ ነበር አያ ገላው! ፋንታነሽን ጠይቋት!»

ፋንታነሽ ከሕዝቡ መሐል ነበረች። አንገቷን ደፋች። 

የዚያ ቀን ጠጪው ወደ ፊት ወጣ። «እኔ ነበርኩ። በዓይኔ አይቻለሁ። ሳትቀምስ ነው የሰጠችው።»

ሕዝቡ ድምፅ አወጣ። ይህ ከሽመሉ ይልቅ ያስፈራ ነበር። ሰው መቅመሱን የሚተወው ምን እንዳለበት ሲያውቅ ነው፤ ይህን ሕፃንም ያውቀዋል።

ሁለት ጎረምሶች ትንሹን ጋን ከጓዳ አውጥተው ፊቷ ላይ አቆሙት። ሥሩ ላይ የጓዴ ቅራሪ ቀርቷል። ገላው በዘይት ቆርቆሮዋ ጨልፎ ወደ አፏ አስጠጋው።

«ቅመሺ!»

ይርጋነሽ ቆርቆሮውን አየች፤ ቀጥላ ፀሐይዋን አየች። ገና እኩለ ቀን ናት። አንድ ጉንጭ ነው። አንድ ጉንጭ ከዋጠች ሊተዋት ይችላሉ። ግን ያን አንድ ጉንጭ ስትውጥ፣ ዳገቱ ላይ አሮጊት አዝሎ ያየችው አንገት፣ ያ የቀጠነ አንገት ታያት። ጊዮርጊስ ቃሏን ሰምቷል። ቃሏን ብትበላው አካለ ወልድን ያ ነገር ይበላዋል።

ከንፈሯን ገጠመች።

«ዘጠኝ ሰዓት ይሁን» አለች፣ ደም እየተፋች። «ዘጠኝ ሲሆን ሙሉውን እጠጣለሁ። አሁን አልችልም።»

«ሰማችሁ? አልችልም አለች! መርዙን ታውቀዋለች!»

ሽመሉ ሲወርድ ክንዷን አነሣች፤ ከክንዷ ውስጥ አንድ ነገር ቀጭ ሲል ተሰማት። መንጋጋዋን ይዘው በግድ ሊከፍቱ ታገሉ፤ የአንዱን ጣት ነከሰችው። ያም ጮኾ በጡጫ መታት። ከዚያ በኋላ ማን እንደሚመታት አላወቀችም።

ሙሉዬ ግን ቀድማ ወደ ክሊኒኩ ሮጣ ነበር። ነጩ ጋዋን ሕዝቡን ሲከፍል ይርጋነሽ በአንድ ዓይኗ ብቻ አየችው፤ ሌላው አብጦ ተዘግቷል።

«ልቀቋት!» አለ። ያ ቀጭን ድምፅ አልነበረም። ይርጋነሽ ይህን ድምፅ ከእሱ ሰምታ አታውቅም።

«ትቅመስና እንለቃታለን» አለ ገላው። «አንተም አትጠጋ፤ ጥፊ ካቀመሰችህ ጋር ምን አለህ?»

አካለ ወልድ ደረቱን ለሽመሉ ሰጥቶ ገባና ቆርቆሮውን ከገላው እጅ ቀማው።

«እኔ እቀምስላታለሁ።»

ሕዝቡ ተንሾካሾከ። «ይጠጣ! የሞጣው ይጠጣ!»

ጎንበስ ብሎ በጆሮዋ፣ «ውሃው ከየት ነው?» አለ።

«ከወንዝ። ከታችኛው መሻገሪያ።»

ፊቱ ሲለወጥ አየችው። የበሽተኞቹ ልብስ የሚታጠበው ከዚያ በላይ ነበር። አሮጊቷን ባዘለበት ቀን፣ ማንም ከዚያ እንዳይቀዳ ጠባቂ ሊያቆም ወርዶ ነበር፤ ጠባቂ ግን አላገኘም። እሷ ይህን አታውቅም፤ እሱ ግን ምን እንደያዘ አውቋል። ዓይኑን አየችው። በዓይኑ ውስጥ ፍርሃት ነበር፤ ከፍርሃቱ በታች ደግሞ አንድ ቁርጥ ያለ ነገር። ያን ዓይን ከጥምቀት ጀምሮ ታውቀዋለች። ጠላውን ሳይሆን እሷን የሚጠጣ ዓይን ነው። የጋኖቿ ቀንም ያው ዓይን ነበር፤ ያየችው ጥፊዋን ስለነበር አላስተዋለችውም።

ቆርቆሮውን ወደ አፉ አነሣ።

ይርጋነሽ ከየት እንዳመጣችው በማታውቀው ጉልበት ተነሣች። በደህናው እጇ ቆርቆሮውን መታችው፤ ቅራሪው በፊቱ ላይ ተረጨና መሬት ፈሰሰ። በሩ ሥር የብቅል መፍጫዋ መጅ ተቀምጦ ነበር። አነሣችው። ከሞጣ ወዲያ ጠፍታ መጥታ፣ በመጀመሪያ ልፋቷ የገዛችውን፣ አምባቸው ያልደረሰበትን፣ የቀራትን አንድ ጋን ሆዱ ላይ ወረደችበት። ደጋግማ መታችው። ጋኑ ተከፈተና የቀረው ሁሉ በጭቃው ላይ ሄደ።

«መርዙን ደፋችው!» የሚል ጩኸት ተነሣ። የመጀመሪያው ድንጋይ የበሩን መቃን መታ፤ ሁለተኛው ጀርባዋን። አካለ ወልድ አቅፏት መሬት ወደቀና በላይዋ ተደፋ። ሦስተኛው ድንጋይ ግንባሩን ከፈተው። ደሙ ትኩስ ሆኖ በአንገቷ ወረደ።

«መርዝ ካልሆነ ለምን ደፋሽው?» ገላው ይጮኻል። «ያኔስ ለምን አልቀመስሽም?»

«ስለት ነበረብኝ!» ድምፅዋ ተሰነጠቀ። ሊሰማ የማይገባው ሰው ላይዋ ተኝቶ ይሰማል፤ ግን ከዚህ በኋላ ምን ይቀራል? «ለዚህ ሰው! እናንተ ሙታችሁን ጥላችሁ ስትሸሹ እሱ ሲሸከም አይቼ ያ ነገር እንዳይነካው ለጊዮርጊስ ተሳልኩ! ለአያ ጓዴ ያልቀመስኩት ለእሱ ብዬ ነው፤ ዛሬም የቀረኝን ጋን የሰበርኩት ለእሱ ነው። ግደሉኝ፣ እሱ ግን እንዳይጠጣ! አይጠጣም በሉኝ!»

የሚወረወር ድንጋይ ሁሉ በየእጁ ቀረ።

ከሕዝቡ መሐል ፋንታነሽ ነጠላዋን ከፊቷ ገፋ አደረገች። ፊቷ በጥፍሯ ተቧጭሯል።

«ታሞ ነው የመጣው» አለች። በጣም ዝቅ ባለ ድምፅ ነበር፤ ግን ሁሉም ሰማት። «ከደጀን ከገባ ጀምሮ ሲያስቀምጠው ነበር። ደበቅሁት። ድንኳኑ ከወሰደው ሁለተኛ አላየውም ብዬ አልጋ ሥር እየጠረግሁ ደበቅሁት። እሷ ጋ የሄደው ውሃ ጥም አቃጥሎት፣ አምልጦኝ ነው።»

ገላው ሽመሉን በእሷ ላይ አነሣ።

«ምታኝ» አለች ፋንታነሽ፣ ሳትንቀሳቀስ። «እኔም እወደው ነበርና ደበቅሁት። እሷም ስለምትወደው ጾመች። በዚህ የምትመታን ከሆነ ምታን።»

ሽመሉ ከገላው እጅ ወደቀ። እሱም የወንድሙ የመጨረሻ ጠላ በፈሰሰበት ጭቃ ላይ ተቀመጠና፣ የተከለከለውን ለቅሶ አለቀሰ። ከልካይም አልነበረም።

*

ድንኳኑን ዝናቡ ከላይ ይደበድበዋል። ይርጋነሽ ክንዷ በእንጨት ታስሮ ከምሰሶው ሥር ተቀምጣለች። ሙሉዬ የአካለ ወልድን ግንባር በፋሻ ስትጠመጥም፣ «አረቄ ቢኖረኝ እኮ በአንድ ጊዜ ባጠብኩልህ፤ እናንተው ደፋችሁት!» ብላ ሁለቱንም አሳቀቻቸው፤ ሲስቁ ደግሞ ቁስላቸው ስላመማቸው ተያዩ።

ከላይዋ፣ ምሰሶው ጫፍ ላይ ሰማያዊዋ ጣሳ ተደፍታለች።

«ምን አስበህ ሰቀልካት?» አለችው።

መልሱን የሰጧት በቅርብ ካለው አልጋ ላይ ያሉ አሮጊት ናቸው፤ በጀርባው ተሸክሟቸው ያየቻቸው ናቸው።

«ልጄ፣ እኔ ይህን ድንኳን የሬሳ ቤት ብዬ አልገባም ብዬ ነበር። ሸሽቼ ጫካ ልሞት ነበር። ያችን ጣሳ ሳይ ግን፣ ጣሳ ከተደፋበት ቤት ሰው ጠጥቶ ነው የሚወጣው አልኩ። ስንቱን እንዳስገባች አትጠይቂኝ።»

ይርጋነሽ ጣሳዋን ለረዥም ጊዜ አየቻት። ሞት ላይ የቀለደባት መስሏት ነበር። እሱ ግን ያላትን መልካም ስም፣ የደከመ ሁሉ የሚያርፍበትን ደጃፏን፣ ለሚሞቱት አበድሮላት ነበር።

«ያን ቀን 'እኔ ራሴ እመጣለሁ' ያልኩሽ…» አለ፤ ግን አልጨረሰውም።

«በእጅህ በቀስታ ልትደፋው ነበር» አለችው። «ገባኝ።»

«ያ ነገር ሞጣም ገብቷል። ነገ በጭነት መኪና እሄዳለሁ። አባቴ መልእክት ልከዋል።»

«ስለዚያች የቄስ ልጅ?»

«እሷ አሁን ትዝ አትላቸውም። ውሃ የሚያፈላ ሰው ጠፍቷል ነው የሚሉት። ከእኔ ጋር ማን እንደሚመጣ ግን አልነገርኳቸውም።»

 መሪጌታው ጠላ ሻጭ በደጃቸው ስትቆም የሚያዩበት ዓይን ቀድሞ ታያት። አላስፈራትም ማለት አይደለም። ግን ዛሬ ብዙ ዓይን አይታለች።

ከቤተ ክርስቲያኑ በኩል የዘጠኝ ሰዓት ደወል ተሰማ።

አካለ ወልድ ተነሥቶ ሰማያዊዋን ጣሳ ከምሰሶው አወረደ፤ በፈላ ውሃ ለቅልቆ አጠባት፣ ፈልቶ ከቀዘቀዘው ውሃ ሞላት። ከዚያ ፊቷ ተንበረከከ። ጣሳውን አልሰጣትም። መዳፉን ዘረጋና ጥቂት አፈሰሰበት፤ ዓይኗን እያየ ቀመሰው።

ከዚያ ሰጣት።

ይርጋነሽ በተሰነጠቀ ከንፈሯ ጠጣች። በሕይወቷ ስንቱን ሰው ቀምሳ አጠጥታለች፤ ለእሷ ግን ቀምሶ የሰጣት ሰው እስከዚያች ሰዓት አልነበረም።